ስም ጥሪ

ለፈተናው ሦስት ሳምንት ቀረው። መብራት ደግሞ የለም።
የመረጥሁት ግጥም ፎቶ ኮፒ አልሆነም።
አርባ ሦስት ልጆች፤ የጠመኔ ስባሪ፤
ባዶ እጁን የመጣ አንድ አስተማሪ።

ከቀሃ ማዶ ደመናው ጠቁሯል፤
የስንሻው ጀሪካን በሩ ሥር ተቀምጧል፣
የቦኖው ወረፋ እንዳያልፈው ሰግቶ
ትምህርት ያዳምጣል አፉን ከፍቶ።

«ቲቸር፣ ምን እንሥራ?» አለኝ ማንያዘዋል።
እጄ ላይ የቀረው የስም መጥሪያው ሆኗል።

እንደ ሁልጊዜዬ ስማቸውን ጠራሁ፤
«አቤት» ይላል አንዱ፣ ሌላው ይላል «አለሁ»፤
ዘጠነኛው ስም ላይ ስደርስ ግን ቆምሁ።

ምትኬ።

አራት ዓመት ሙሉ ጠርቼው ነበረ፤
ሳላነበው ቆየሁ፣ ከአፌ እየበረረ።

ከጥቁር ሰሌዳው መኻል ላይ ጻፍሁት፤
«ይኸ ግጥም ነው» አልሁ፤ «ባለ አንድ ቃል። ተንትኑት።
ተናጋሪው ማነው? ለማን ነው የሚለው?
ያልተነገረውስ፣ የተዋጠው ምንድነው?»

ሳቅ ሆነ መጀመሪያ፤ ቀጥሎ ዝምታ።
ተነሣች ምትኬ ደብተሯን ዘግታ።
«ተናጋሪዋ እናቴ ናት፤ የምትለው ለእኔ አይደለም፤
ከእኔ በፊት ለሄደው፣ ለማላውቀው ወንድም።
ያልተነገረው» አለች፣ «ያ ነው፤ የእሱ ስም።»

ከሀ ተነሥተን እስከ መ ብንደርስ
ለዚህ የሚጠቆር ክብ የለም በእርሳስ።

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመው? ሁሉም እጁን አወጣ፤
ስሙን ይዞ መጣ።

ስንሻው፦ «የእኔ ስም ማሰሪያ አንቀጽ የለውም፤
‹ስንሻው…› ይልና ምን እንደሆነ አይልም።
መጣ ነው? ወይስ ቀረ? አባቴም አልነገረኝም።»
«ማሰሪያው አንተ ነህ» አልሁት። ሳቀ፤ ግን አልተቀመጠም።

አትንኩት፣ ከክፍሉ ቀጭኑ፣
«የእኔ ትእዛዝ ነው» አለ፤ «በብዙ ቁጥር ነው ደግሞ፤
እነማን ናቸው አትንኩ የተባሉት?
በሽታው? ጎረቤቱ? ዘመኑ?»

ይታይሽ ቆይታ፣ ፈገግታዋን ውጣ፦
«ሰሙ ምርቃት ነው፦ ልጄ፣ ብርሃን ይታይሽ።
ወርቁ ለአያቴ ነው፦ ‹አትወልድም› ብለሽ
ስታሚኝ የኖርሽው፣ በይ አሁን ይታይሽ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዴስኩ ተደለቀ።
ምክትል ርእሰ መምህሩ አንገቱን አሰገገና ጠየቀ፦
«ምንድነው ይኼ ሁሉ?»
«ክለሳ» አልሁት።
መብራት መጥቶ ኖሯል፤ ማንም አላየም አምፖሉን።

የማንያዘዋል አባት ግንቡን ነው የሚያስጎበኘው፤
«እያንዳንዱ ድንጋይ ታሪክ አለው» ሲል ሰምቻለሁ፣ ለፈረንጁ ሰው።
ልጁን ግን «ስምህ ምን ማለቱ ነው?» ብዬ ብጠይቀው
«እኔንጃ ቲቸር» አለኝ፣ «ማታ እጠይቀዋለሁ።»

በማግሥቱ መጣ፤ ቦርሳው በአንድ ትከሻው ላይ፦
«ጠየቅሁት። ዝም አለ። ራዲዮኑን ከፍ አደረገው።
ቲቸር፣ ይኸ ይመጣል ፈተና ላይ?»

ሦስት ሳምንት አለፈ።
አውቶቡሱ ልጆቹን ማራኪ ግቢ በር ላይ አራገፈ።
እኔ ከአጥሩ ውጭ ነኝ፤ ለመምህር አይፈቀድም፤
ከግራር ሥር ቆሜ፣ እንደ ወላጅ፣ እንደማንም።
ፖሊሱ ወረቀት ይዞ ስም ይጠራል በተራ፤
አንዳንዱን ያጠብቃል፣ አንዳንዱን ያላላል፣
እንደ ዕቃ ቆጠራ።
«አትንኩት!» ብሎ ጮኸ፤
ጠርቶም ዳበሰው፣ ከደረቱ እስከ ጫማው፤
ልጁ ወደ እኔ ዞሮ በዓይኑ ሳቀ፤
ከእኛ በቀር ማንም አልሰማው።

ስንሻው ገባ። ይታይሽ ገባች፣ እርሳሷን በጥርሷ ይዛ።
ካፊያ ጀመረ። የሰልፉ ጭራ አጠረ።

«ምትኬ!» ሲል ሰማሁ።

ዘገየች ትንሽ፤
የሌላ ሰው ስም የተጠራ ይመስል
ግራ ቀኟን አየች።

«አለሁ።»